ስለማይከፈተው ፎልደርና ስለ ጋሽ ወንድወሰን ወንበር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ አሜሪካ፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ቢሮ ገብቼ ከጋሽ ወንድወሰን ኮምፒውተር ፊት ቆምሁ። ቀኑንና ሰዓቱን ከማስታወሻ ደብተሬ ገልብጬ እንጂ ከትዝታ አልጻፍሁትም። ከሥሩ በገዛ እጄ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፦ «የኮምፒውተሩ ሰዓት ታይቷል፤ ትክክል ነው።» በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኔ ከጻፍኋቸው መስመሮች ሁሉ የማፍርበት እርሱ ነው። ምክንያቱን በቦታው እደርስበታለሁ።

ሥራዬ ባለፈው ወር አብቅቷል። እኔን ያሰናበተኝ የለም፤ የሚጠገነው ነገር ቀድሞኝ ተሰናበተ። የምናገለግላቸው ቢሮዎች አንድ በአንድ ፋይሎቻቸውን ከጓዳቸው ሰርቨር አውጥተው ወደ ኢንተርኔት አዛወሩና፣ «ፎልደሩ አልከፈት አለኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ጠፋ። አሁን በአንድ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «መልሱ ትክክል ነው» ሲሉኝ «በምን አረጋገጣችሁ?» እያልሁ አስቸግራቸዋለሁ። ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ ሒሳብ አይደለም።

ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በአንድ ቢሮ ውስጥ አሥር ኮምፒውተር ቢኖር፣ ሁሉም የሚሠሩባቸው ሰነዶች የሚቀመጡት ሰርቨር በሚባል አንድ ማሽን ላይ፣ በጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። መዝገብ ቤት ማለት ነው፤ ልዩነቱ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሻይ አለመጠጣቱ ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ሰነድ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ማንነቱን ያጣራል። ካመነው ይከፍትለታል፤ ካላመነው «ፈቃድ የለዎትም» ይለዋል፤ ለምን እንዳላመነው ግን አይናገርም። የእኔ ሥራ ያን «ለምን» መፈለግ ነበር።

ፍለጋውን ያስተማሩኝ ሚስተር ግሌን ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ቢሆንም፣ ዴንቨር ስደርስ ዲግሪዬ ያገለገለኝ በአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር ስገፋ፣ የጎማውን አሠራር በሚገባ ለመረዳት ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሚስተር ግሌን የሚሠሩበት የጥገና ድርጅት ቀጠረኝ። ደመወዙ ከመጀመሪያው ብዙም አይበልጥም፤ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው ግን እኔ ሆንሁ።

«ግሌን ብቻ በይኝ» ይሉኝ ነበር። አባቴ በሚሆኑ ሰው ፊት ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው፣ ስልክ ሳነሣ ገና ሳልናገር «ሚስተር ግሌን ነኝ» ማለት ጀመሩ።

ልማዶቻቸው ጥቂት ነበሩ፤ አንዱንም ሲዘሉ አላየሁም። በሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ አንድ ጠመንጃ መፍቻ አለ፤ ሲያስቡ በጣቶቻቸው መካከል ያሽከረክሩታል እንጂ አይፈቱበትም። «ሥራ ያልያዘ እጅ የማይነካውን ይነካል» ይላሉ። ከሁሉ በፊት ባለቤቱ በሚቀመጥበት ወንበር ይቀመጣሉ። ባለቤቱንም «ምን ነካህ?» ብለው አይጠይቁም፤ «እንዲህ ያልሽው ሰው ሁሉ ‹ምንም› ነው የሚልሽ» ይሉኝ ነበር። የሚጠይቁት «ትናንት ደህና በነበረ ጊዜ ውሎህ እንዴት ነበር?» ብለው ነው። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያስተያያሉ። ሰርቨርና ኮምፒውተር ሰዓታቸው ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ አይተማመኑም፤ ቀኑ የተሳሳተ ደብዳቤ ይዞ እንደመጣ ሰው፣ ዘበኛው ከበር ይመልሰዋል።

የወንበሩን ነገር በመጀመሪያ ንቄው ነበር። ኮሜርስ ሲቲ በሚገኝ አንድ መጋዘን የአንድ ኃላፊ ፎልደር ጠዋት ጠዋት ይከፈታል፣ ከምሳ በኋላ ይዘጋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕቃ ቀያየርሁ። ሚስተር ግሌን መጥተው በወንበሩ ተቀመጡ፤ ምሳቸውን እዚያው በሉ፤ ከጠገቡ በኋላ ወደ ኋላ ተለጠጡ። የወንበሩ እግር የኔትወርኩን ገመድ ረገጠ፤ ፎልደሩ ተዘጋ። «ምርመራው ጠቃሚ ነበር፤ ሳንድዊቹ ግን ደረቅ ነው» ብለው ተነሡ።

ዴንቨር መሐል ከተማ ደግሞ ለአንድ የሕግ ቢሮ ተመደብሁ። አንድ ጠበቃ በችሎት ዋዜማ የአንድ የፍቺ ጉዳይ ሰነድ ከነፎልደሩ ጠፋባቸውና «ተሰርቄአለሁ፤ ፖሊስ ይጠራልኝ» አሉ። በወንበራቸው ተቀምጬ፣ ማውሱን ሲጎትቱ እጃቸው ወደሚያዘነብልበት አቅጣጫ ፈለግሁ። የባልና የሚስቱ ክርክር በሙሉ «የበዓል ግብዣ ፎቶግራፎች» በሚል ፎልደር ውስጥ፣ ከኬክ ሥዕል አጠገብ ተገኘ። ጠበቃው አመሰገኑኝ፤ ፖሊሱንም ተዉት።

እንዲህ እንዲህ እያልሁ አሥራ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ሚስተር ግሌን ጡረታ ወጥተው ሌክውድ ተቀመጡ። እኔም የማልሳሳት ሰው ነኝ ብዬ ባልናገርም፣ ሌላው ሲናገር አላርምም ነበር። ወደዚያ የአውሮራ ቢሮ የተላክሁት በዚህ ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከአገሬ ሰዎች ቢሮ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣሽ ኢንጅነር!» አሉ ጋሽ ወንድወሰን፣ እያነከሱ ተነሥተው። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዴንቨር ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ታክሲ ነድተው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ዲስፓቸር ሆነዋል። ሕመምተኞችን ከቤት ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሱ አሥራ አራት ሾፌሮችን በስልክ የሚያሰማሩት እሳቸው ናቸው። የየቀኑ የጉዞ ዝርዝር ያለው በጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የሁሉም ኮምፒውተር ሲከፍተው የእሳቸው አልከፍት ብሏል።

«ይኸው፣ ‹ፈቃድ የለህም› ይለኛል። እኔን! አሥራ አራት መኪና የማሰማራውን ሰውዬ!»

«ከትናንት ወዲህ የነኩት ነገር አለ?» አልሁ። የተከለከለውን ጥያቄ ነበር የጠየቅሁት።

«ምን እነካለሁ? ምንም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኢንጅነር፣ እኔ ማውሱን እንኳ በመሐረብ ጠርጌ ነው የምይዘው።»

ስልኩ ጮኸ፤ አነሡት። «አቤት የኔ ጌታ! አራት ሰዓት ላይ ሴንቴኒያል፣ አምስት ተኩል ላይ ሌክውድ። አዎ፣ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ዛሬ እንደ ጎረምሳ አትንዳ። ‹ጎረምሳ ነኝ› አልክ? አይ፣ እሱን እናትህ ናት የምታውቀው።»

የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ ምሕረት ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። ፈጣን ሴት ናት፤ ስትናገርም ስትሄድም አንድ ነው።

«አስቴርዬ፣ ማሽኑ ነው ወይስ ሰውየው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«ገና አልተመለከትሁም።»

«ትናንት ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ አንዲት እናት መኪና ሳይመጣላቸው ደጃቸው ላይ ቆመው ቀሩ። ሾፌሩ ‹መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው› አለኝ። ዛሬ ደግሞ ይኼ! ሌክውድ ያለ አንድ ድርጅት ዲስፓቹን ጠቅልሎ ልያዝልሽ ብሎኛል፤ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጋሼን እወዳቸዋለሁ፤ ግን በሰው ነፍስ አልጫወትም። ዓርብ ጠዋት ድረስ እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ እፈርማለሁ።»

ስለዚህ ከምጠግነው ፎልደር ጀርባ የአንድ ሰው እንጀራ እንዳለ ከመጀመሪያው ሰዓት አውቅ ነበር። ጠንቅቄ ሠራሁ። በወንበሩ ተቀመጥሁ። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ከአሥር። የኮምፒውተሩን ጥግ አየሁ፤ ሦስት ከአሥር። በደብተሬ ጻፍሁ። ገመዱን ቀየርሁ። የይለፍ ቃሉን አደስሁ። የራሴን ላፕቶፕ በዚያው ገመድ ላይ ሰካሁት፤ ፎልደሩ ወዲያው ተከፈተ። በጋሽ ወንድወሰን ማሽን ግን «ፈቃድ የለዎትም»። ምሽቱ እስኪቃረብ ድረስ አርባ አንድ ነገር መርምሬ አርባ አንዱም ጤነኛ ሆኖ አገኘሁት። ሬሳ ሲመረምር ውሎ «ምንም በሽታ የለበትም» እንዳለ ሐኪም ሆንሁ።

ረቡዕ ጠዋት አዲስ ኮምፒውተር ይዤ መጣሁ። አሮጌው ላይ የነበረውን ሁሉ፣ ጋሽ ወንድወሰን ከአታሚያቸው ጋር ሲጣሉ ራሳቸው እንዲያስታርቁት ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የሰጣቸውን ሙሉ ሥልጣን ጭምር፣ በአዲሱ ላይ አደረግሁ። ፎልደሩ ተከፈተ። ጋሽ ወንድወሰን ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«እግዜር ይስጥሽ! እናትሽ አንቺን ወልዳ አረፈች!»

ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ድምፃቸው የቀብር ነበር። «ኢንጅነር፣ አዲሱም ከአሮጌው ተማከረ መሰለኝ።»

ተመልሼ ሄድሁ። ማሽኑ አዲስ፣ ገመዱ አዲስ፣ የይለፍ ቃሉ አዲስ። አሮጌ ሆኖ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በተስፋ ያየኛል። ወደ ወይዘሮ ምሕረት ክፍል ገብቼ ሪፖርቴን ጻፍሁ፦ «ማሽኑ፣ መስመሩና ፎልደሩ ጤነኞች ናቸው። ችግሩ የሚታየው በተጠቃሚው ወንበር ብቻ ነው።» እያንዳንዱ ቃል በማስረጃ የተደገፈ ነበር።

ወይዘሮ ምሕረት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ችግሩ ሰውየው ናቸው ማለትሽ ነው?»

ዝም አልሁ። በሥራ ዘመኔ የሠራሁት ከባዱ ጥፋት ይህ ዝምታ ነው። «አላወቅሁም» ማለት ሲገባኝ፣ አለማወቄን ለአንድ አዛውንት አሸከምሁት።

ስወጣ ጋሽ ወንድወሰን በረዶውን ከመኪናዬ መስተዋት በክንዳቸው ይጠርጉልኝ ነበር። «አይዞሽ፣ ይገኛል» አሉኝ። አፅናኚውና ተፅናኚው ቦታ ተለዋውጠው ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ ሌክውድ ደወልሁ።

«ሚስተር ግሌን ነኝ» አለ ስልኩ።

«ፈልጌ ያላገኘሁት ነገር አለ» አልሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጠመንጃ መፍቻው በኪሳቸው፣ ደረሱ። ጋሽ ወንድወሰን ወንበራቸውን ለቀቁላቸው፤ ሁለቱ አዛውንት ስለ ጉልበት ሕመም በእንግሊዝኛ ጥቂት ተወያዩ። ሚስተር ግሌን ተቀመጡ፤ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ የኮምፒውተሩን ጥግ አዩ፤ እንደገና የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

«እዚህ ቢሮ ለምንድን ነው ሌሊት የሆነው?» አሉ።

ስክሪኑ ላይ 3:35 ይላል፤ ከአጠገቡም AM የሚል የጠዋት ምልክት አለ።

«ሌሊት?» አልሁ።

«ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል።»

እኔና ጋሽ ወንድወሰን እኩል መለስንላቸው፦ «አዎ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው!»

ሚስተር ግሌን ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። «አስቴር፣ እስቲ በመስኮት ተመልከቺ።»

ተመለከትሁ። ፀሐይ በረዶው ላይ ዓይን ታወጣለች። የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ትንሿ ዘንግ ዘጠኝን አልፋለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ትንሿ ዘንግ ዘጠኝ ላይ ስትቆም ራሴ ሳይጠይቀኝ «ሦስት» ብሎ ያነባል፤ በእንግሊዝኛ በሚሠራባቸው ቢሮዎች ግን ሥራው ራሱ ወደ እንግሊዝኛው ሰዓት ይመልሰኝ ነበር። እዚህ የገባሁት በአማርኛ ሰላምታ ነው፤ ሰዓቱንም በአማርኛ አነበብሁት። ኮምፒውተሩ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ፣ ሰርቨሩ ፊቱን ሲያዞርበት፣ እኔ በደብተሬ «ትክክል ነው» ብዬ ፈርሜለታለሁ።

መቀመጫ ፈለግሁ፤ ያለው ወንበር ተይዞ ነበር።

ሚስተር ግሌን የእኛን አቆጣጠር እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ፤ ቀኑ ሲነጋ አንድ ብለን እንደምንጀምር ነገርኋቸው። መፍቻውን እያሽከረከሩ አሰቡ። «ከእኛ ይልቅ ምክንያት አለው» አሉ። «ለሰርቨሩ የነገረው ግን የለም።»

ከዚያ ወደ ጋሽ ወንድወሰን ዞረው የታወቀውን ጥያቄ ጠየቁ። «ሰኞ ውሎህ እንዴት ነበር?»

ጋሽ ወንድወሰን መሐረባቸውን አወጡ፤ ማውሱን ጠረጉ፤ መልሰው አስቀመጡት። መልሱን የሰጡት በአማርኛ ለእኔ ነው።

«ሰኞ... ዝርዝሩ ላይ 2:00 ይላል። ለሾፌሩ ልጅ ‹ሁለት ሰዓት› አልኩት። እሱም እንደኛው በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሄደ፤ ‹ቀጠሮዬ ከሰዓት በኋላ ነው› ብለው መለሱት። ከሰዓት በኋላ የሄደ የለም። እኚያ እናት ደጅ ላይ ቆሙ። ልጁ ‹ጋሼ፣ እርስዎ ከሥራ ከሚወጡ ቁጣው በእኔ ይሁን› ብሎ መንገዱን አመካኘ። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ አስቱ። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ መጥቼ የቀኑን ጉዞ ሁሉ በደብተሬ በእኛ ሰዓት ገለበጥኩ፤ ይኼንም ሰዓት ከደብተሬ ጋር አስማማሁት። እንደገና እንዳልሳሳት። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ደጅ ላይ አልቀረም።»

«ግን ምንም አልነካሁም ብለውኝ ነበር።»

«ሰዓት መሙላት መንካት ነው እንዴ? አባቴ የግድግዳ ሰዓቱን በየጠዋቱ ይሞላ ነበር፤ ማንም ‹ምን ነካህ› ያለው የለም።»

«አዲሱንስ?»

«አዲሱንማ፣ ምሳዬን በልቼ ስመለስ የፈረንጅ ሰዓት ሆኖ ባገኘው ‹ኢንጅነር ረስታው ነው› ብዬ አስተካከልኩልሽ።»

ሚስተር ግሌን ይህን ስተረጉምላቸው መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ። ሲወድቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰዓቱ ተመለሰ፤ ፎልደሩ ተከፈተ። የጋሽ ወንድወሰን ወንበር ግን ገና አልተከፈተም ነበር፤ ወይዘሮ ምሕረት ያን ቀን ሌላ ቦታ ውላለች፣ ሪፖርቴም ከውሉ ወረቀት በላይ ተቀምጧል። «ነገ እኔው ራሴ እነግራታለሁ» አሉ ጋሽ ወንድወሰን። «አንቺ እንዳትቀድሚኝ።»

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ አራታችንም በክፍሏ ተሰበሰብን። እስክሪብቶዋ ተከፍቷል።

«ሰኞ እኚያን እናት ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ወንድወሰን ቆመው። «ልጁ የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው። እሱን አትንኪብኝ።»

«ሪፖርቴን መልሺልኝ» አልሁ እኔ። «ችግሩን ያላየሁት እያየሁት ነው። እዚያ ላይ መጻፍ ያለበት የእኔ ስም ነው።» ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት።

ወይዘሮ ምሕረት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥሁ።

«እኔ» አለች ሳቋ ሲያስተነፍሳት፣ «ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ስድስት ሰዓት ዘግይቼ ሄጃለሁ። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም። ‹መኪና ተበላሽቶብኝ ነው› አልኩት።»

«ዛሬም አልሰማንም» አሉ ጋሽ ወንድወሰን።

ሳቋን ስትጨርስ የሌክውዱን ወረቀት ገለበጠችና፣ ባዶው ጀርባው ላይ ውሳኔውን እየተናገረች ጻፈች። አንደኛ፣ ጋሽ ወንድወሰን በቦታቸው ይቀጥላሉ፤ ዛሬውኑ እኚያ እናት ቤት ሄደው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ከእንግዲህም በዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ ጉዞ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፋል። ሁለተኛ፣ የኮምፒውተሩን ሰዓት ማንም አይነካም፤ ከበላዩ በእኛ የሚቆጥር የግድግዳ ሰዓት ይሰቀላል፤ እርሱን ጋሽ ወንድወሰን እንዳሻቸው ይሙሉት። ሰዓቱን ለመግዛት እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሚስተር ግሌን ሦስተኛ እንዲጨመር ጠየቁ፤ ወይዘሮ ምሕረትም በአማርኛ ጻፈችው፣ አራታችንም ፈረምንበት፦ «ኢንጅነሯ ወደዚህ ቢሮ ስትመጣ፣ ሰዓት ከማየቷ በፊት በመስኮት ትመልከት።»